የቦኖው ሚኒስትር

እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰው ደረጃ ላይ ሲገናኝ አንገቱን ደፍቶ ይተላለፋል፤ ቴሌግራም ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቅና ሲሳሳቅ ይውላል። የሕንፃችን ነዋሪዎች ግሩፕ አለን። የልጅ ልጄ ሊያ ስልኬ ላይ ካስገባችልኝ ወዲህ እኔም ሬዲዮ መክፈት ትቼ እሱን ነው የማነበው። ባለፈው ሳምንት አንዱ «አንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ የግራ፣ ከላይ ወድቆ በረንዳዬ ላይ ያሰጣሁት በርበሬ ውስጥ ገብቷል፤ ባለቤቱ መጥቶ ይውሰድ፣ በርበሬውንም ይልቀም» ብሎ ከነፎቶው ለጠፈ። ሌላዋ «በረንዳ ላይ በግ ማሰር በመተዳደሪያ ደንባችን የተከለከለ ነው» ስትል፣ ባለ በረንዳው «በግ አይደለም፣ ሙክት ነው» ብሎ መለሰላት። ውሃ የመጣ ቀን አንድ ሰው «መጣች!» ብሎ ይጽፋል፤ ከሥሩ ሕንፃው በሙሉ እልል ይላል። እስቃለሁ። ብቻዬን ሶፋ ላይ ተቀምጬ፣ መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ አድርጌ እስቃለሁ። በሩ ከበሬ ፊት ለፊት የሆነው ሰውዬ ግን ስሙ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እሱም የእኔን አያውቅም። እዚያ ግሩፕ ላይ እኔ «ባለ 204» ነኝ።

ስሜ የሺ ነው። ካዛንቺስ ተወልጄ፣ ካዛንቺስ አድጌ፣ ካዛንቺስ ተድሬ ወልጄ ነው ወደዚህ ወደ አያት ጫፍ የመጣሁት። ሰፈራችን ሲፈርስ ሰው እንደ ዶቃ ነው የተበተነው፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። እኔ ሁለት ክፍል ደረሰኝ። የሚያማርሩት አይደለም፤ ሽንት ቤቱ እቤት ውስጥ ነው፣ ግድግዳው ነጭ ነው። ቢሆንም ሰው ከሰባ ዓመቱ ጥቂት ሲቀረው አዲስ መሆን ያቅተዋል።

አንድ እሑድ የሕንፃው ኮሚቴ «ለጽዳት ሁላችሁም ውረዱ» ብሎ ግሩፑ ላይ ጻፈ። አንዱ ጎረምሳ መልስ አድርጎ ስቲከር ላከ። አንድ ሽማግሌ፣ ሙሉ ሱፍ ለብሶ፣ ሰደርያውን ቆልፎ፣ ክራባት አስሮ፣ የፈረሰ ቤት ክምር መሀል ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ «ሰርጉ እዚህ ነው?» የሚል ተጽፎበታል። አጠገቤ የነበረችው ሊያ በሳቅ ወደቀች።

«እማማ፣ ይሄን ሼባ አይተሽው አታውቂም? በቃ እኮ አገር ምድሩ የሚላላከው እሱን ነው!»

ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። ፊቱ ሳይሆን አቀማመጡ ነው ያስለየኝ። ጉልበቱን ገጥሞ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጀርባውን ከወንበሩ ሳያስነካ።

«ተሰማ ነው» አልኳት።

«ማ?»

«ተሰማ። ልብስ ሰፊው ተሰማ።»

«ትቀልጃለሽ! በእውነት ታውቂዋለሽ?» አለችና ቪዲዮውን ፈልጋ አወጣችልኝ። አሥራ አምስት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ከኋላ ስካቫተር ይጮኻል፣ አቧራ ይነሳል። የሚቀርጸው ልጅ «ፋዘር፣ ዛሬ ፕሮግራሙ የት ነው?» ይለዋል። ተሰማ ቀና ብሎ ያየዋል፤ ምንም አይመልስም፤ ክራባቱን ያስተካክላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከሥሩ የተጻፈው ግን ተነቦ አያልቅም። «ሼባው ፏ ብሏል»፣ «ቤት ይፍረስ እንጂ ስታይል አይፈርስም»፣ «የእኔ ባል መቼ ነው እንዲህ የሚለብሰው»፤ የሳቅ ምልክት በሳቅ ምልክት ላይ።

ሊያ ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጠች። «ምን ሆንሽ? ክፉ ነገር እኮ አላሉትም፣ እማማ። ማለቴ፣ ወደውት ነው።»

እኛም እኮ ስንስቅበት እንወደው ነበር። ያን ግን አልነገርኳትም።

ያኔ ካዛንቺስ ከኡራኤል በታች ያለው ሰፈራችን፣ ጣልያን የሠራቸው ባለ ቀይ ጣሪያ ቤቶችና እኛ በጭቃ የቀጠልናቸው ክፍሎች ተጎራብተው የሚኖሩበት ነበር። ከጓሯችን ባለው የሾላ ዛፍ ሥር ኪዮስክ ነበር፤ ኪዮስኩ አጠገብ ሻይ ቤቱ። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአሥራ አምስት፤ አሥራ አምስቷን ያጣ ደግሞ የቦምቦሊኖውን ሽታ በነፃ። ወንዱ እግሩን የሚውጥ ቦላሌ ሱሪ ለብሶ፣ አፍሮውን በሹካ ማበጠሪያ ነፍቶ፣ ማበጠሪያዋን እዚያው ጠጉሩ ውስጥ ሰክቶ ይዞር ነበር። በኋላ የደርግ ካኪ መጣና ሁሉም አንድ መሰለ። እኔ ባለ ወፍራም ታኮ ጥቁር ጫማ ነበረችኝ፤ በዚያች ጫማ ኮብልስቶን በሌለበት ዘመን፣ ክረምት ከበጋ፣ ጭቃውን እየዘለልኩ ቢሮ እገባ ነበር። ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ የሚወጣ አንድ ዘፈን ነበር፣ አንዲት ሴት የሄደባትን ሰው የምትጠራበት፤ ከእኛ በር እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ያለው ሰው ሁሉ እያንጎራጎረው ስለሚሄድ፣ አንዱ ያቆመበትን ሌላው ይቀጥልልሽ ነበር። ዛሬ ያ ቦታ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፣ አበባ ተተክሎበታል፣ መብራት ተሰቅሎበታል። ያምራል። አንድ ቀን ከባቡር ወርጄ ሄጄ አየሁትና ቤታችን የቱ ጋ እንደነበር ማወቅ አቃተኝ። ሾላውን ምልክት አድርጌ ልፈልግ ነበር፤ ሾላውም የለም።

ተሰማና ከድር ሱቃቸውም፣ ከሱቁ ጀርባ ያለው ቤታቸውም ግድግዳ ለግድግዳ ነበር። ተሰማ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱፍ ሲሰፋ ሰው የሚለው አጥቶ ይቆማል። ከድር ጠጉር አስተካካይ ነው፤ ከወልቂጤ ወዲያ ካለ አገር በልጅነቱ መጥቶ ሰፈራችን ያደገ። ሁለቱ ከወንድማማች ይበልጡ ነበር። ለገና ተሰማ ድፎ ዳቦ ተሸክሞ ከድር ቤት ይሄዳል፤ ለዒድ ከድር በትሪ ጣፋጭ ይዞ ተሰማ ቤት ይመጣል። ተሰማ በየቅዳሜው ጠዋት ከድር ዘንድ ይላጫል፤ የከድርን ኮት ደግሞ ከተሰማ ሌላ የሚነካው የለም።

ተሰማ አንድ ነገር ነበረበት። ከቤቱ ደጃፍ አንድ እርምጃ ሲወጣ እንኳ ሙሉ ሱፍ ነው፤ ሰደርያና ክራባት ሳይቀር። ውሃ የምንቀዳው ከሰፈሩ ቦኖ ነበር፤ ሌሊቱ እንደነጋ እንስራና ባልዲ ይዘን እንሰለፋለን። እኛ ነጠላ ጣል አድርገን፣ ወንዱ በከነቴራ፣ ሕፃናቱ በባዶ እግራቸው። ተሰማ ግን ባልዲውን በቀኝ እጁ አንጠልጥሎ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ለሹመት እንደተጠራ ሰው ሆኖ ይቆማል። ውሃ ቢረጨው በመሐረብ ይጠርጋል። ሰው እርስ በርሱ ይጠቃቀስበታል። በቀድሞው ጊዜ እንዲህ አልነበረም። አንድ ጊዜ ወስደው አስረውት፣ ወራት ቆይቶ ተመልሶ ነው እንዲህ የሆነው። ለምን እንደሆነ ግን የጠየቀው ሰው አልነበረም። በዚያ ዘመን የተመለሰን ሰው ብዙ አትጠይቂውም።

እኔ ታይፒስት ነበርኩ። መሥሪያ ቤቴ ከሰፈራችን በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። በምሳ ሰዓት አለቆቹ ሲወጡ ስስ ወረቀት ላይ፣ በካርቦን አራት ኮፒ አድርጌ «የሰፈር ዜና» የሚል ጽሑፍ እጽፍ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ዓይኔ ነገር አያልፈውም። አውቶቡስ ሲያልፍ ሰላምታ የሚሰጠውን የቀበሌ ዘበኛ፣ ጠበል ሄዳ ስትመለስ ከባሏ እናት ጋር እዚያው በር ላይ የተጣላችውን ጎረቤታችንን፣ በቀን ስድስት ሰዓት የሚጮኸውን አውራ ዶሮ እጽፋለሁ። ወረቀቷን በቦርሳዬ አድርጌ ከድር ዘንድ እወስዳለሁ፤ ሰው ተራ እየጠበቀ ስለሚቀመጥ እዚያ ያነባታል። ማን እንደሚጽፈው ከከድር ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። የመጀመሪያውን የሰጠሁት ቀን አስምዬዋለሁ። «ለማንም፣ ለሚስትህም ጭምር» ብዬ። ምክንያቱም በመንግሥት የጽሕፈት መኪና፣ በመንግሥት ወረቀት ቀልድ መጻፍ በዚያ ጊዜ ቀልድ አልነበረም። እሱም እየሳቀ ማለልኝ። ከድር ማንበብ ብዙም አይሆንለትም ነበር፤ ደንበኞቹ ጮክ ብለው ሲያነቡለት ነው የሚሰማው።

አንድ ዓርብ በምሳ ሰዓት ጻፍኩት። ዛሬም በቃሌ አለ።

«የቦኖው ሚኒስትር ዛሬም ሙሉ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው በሥራ ገበታቸው ላይ ተገኝተዋል። ክቡርነታቸው ከወይዘሮ አስካለ እንስራ ቀጥሎ ተራቸውን ከያዙ በኋላ፣ ስለ ውሃው መቅጠን ለተሰለፈው ሕዝብ ሰፊ ማብራሪያ ሰጥተዋል። በመጨረሻም ባልዲያቸው ስለሞላ ስብሰባው ተበትኗል።»

ስጽፈው ብቻዬን እስቅ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ለከድር ሰጠሁትና፣ ሳቁን ለመስማት ስል ኪዮስኩ ጋ ነጭ ጋዝ የምገዛ መስዬ ቆምኩ። የከድር በር ሁልጊዜ ክፍት ነው። አንዱ ማንበብ ጀመረ። ሱቁ ሞልቷል፤ የተላጨውም ያልተላጨውም ሳቀ፤ አንዱ ሳሙናው ፊቱ ላይ እንዳለ ሆዱን ይዞ ወጣ። ከድርም ሳቀ። በሳቁ መሀል ተሰማ መላጫ ቀኑ ነውና መጣ።

ተሰማ እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ከአንባቢው ተቀበለው። ቆሞ፣ ሳይቸኩል፣ እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ከድር፣ ይሄን ማን ጻፈው?»

ከድር መሬት መሬት አየ። ውሸት የማይሆንለት ሰው ነበር። «ልነግርህ አልችልም» አለው።

«ለምን እንደምለብስ በዚህ ምድር ላይ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው ያለው» አለ ተሰማ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «አንድ ሰው። እሱም ለመሳቂያ አሳልፎ ሰጠኝ።» ይህን ብሎ ወጣ። በአጠገቤ ሲያልፍ እንደ ወትሮው «እንዴት አደርሽ፣ የሺ» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ከድር ሱቁን ዘግቶ ቤታችን መጣ። እናቴ እንዳትሰማ አጥሩ ጋ ቆመን ነው የነገረኝ። ተሰማን ከቦኖው ሰልፍ ላይ እንደወሰዱት ሰፈሩ አይቷል፤ ከሱፉ ጋር ያገናኘው ግን አልነበረም። በከነቴራ፣ በአንድ እግር ነጠላ ጫማ፤ አንደኛዋ ሲጎትቱት ወልቃ ቀርታለች። በዚያው ሁኔታ በሰፈሩ መሀል፣ እናቱ እያየች፣ ልጆች እያዩ አሳለፉት። በዚያው ከነቴራ ወራት ተቀመጠ። ስንቅ ያመላልስለት የነበረው ከድር ነው። ሲፈታ ለከድር ብቻ እንዲህ አለው፤ «እንግዲህ የፈለጉ ቀን ይውሰዱኝ፤ ሁለተኛ ግን ሰው ሳልመስል አይወስዱኝም።»

«ሳቅሁ እኮ፣ የሺ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሰው ያነበበልኝ ስለ እሱ መሆኑ እስኪገባኝ ድረስ ሳቅሁ» አለኝ ከድር። ዓይኑ ቀልቷል። «እኔ ምያለሁ፤ አልናገርም። አንቺ ንገሪው። ተሰማ አያጋልጥሽም።»

«ነገ እነግረዋለሁ» አልኩት።

በማግስቱ ቦኖው ጋ ልጆቹ «ሚኒስትር! ሚኒስትር!» እያሉ ጀመሩት። ስሙ ተጣበቀ። ተሰማ ሱፉን አላወለቀም፤ መልስም አልሰጠም። ብቻ ጺሙን ራሱ መላጨት ጀመረ፤ አገጩ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደማል። ድፎ ዳቦውም ቀረ፣ የጣፋጩ ትሪም ቀረ። ሁለቱ ሰዎች፣ በአንድ ግድግዳ ተደግፈው፣ የአንዱ መቀስ ለሌላው እየተሰማ፣ ሰላም ሳይባባሉ ኖሩ። እኔ «የሰፈር ዜና»ን ሁለተኛ አልጻፍኩም። ይህን እንደ ቅጣት ቆጥሬው ነበር። ቅጣት ነው ይባላል? የተጎዳው ሌላ፣ የተቀጣሁት እኔ።

በኋላ ጊዜው ተለወጠ። አለቆቼ ተለወጡ፣ የአደባባዩ ስም ተለወጠ፣ ሻይ ቤቱ ካፌ ተባለ። የፈራሁት ሁሉ የሌለበት ቀን መጣ። ያን ቀን ልነግረው እችል ነበር፤ አልነገርኩትም። ፍርሃቱ ሲሄድ ለካ በእግሩ ኀፍረት ተተክቶ ኖሯል። ልዳር ስል የባሌን ሱፍ የሰፋው ተሰማ ነው። መርፌ በከንፈሩ ይዞ፣ የባሌን ትከሻ እየለካ፣ «ጥሩ ሰው ነው ያገኘሽው፣ የሺ» አለኝ። ከግድግዳው ወዲያ የከድር መቀስ ይሰማ ነበር። የልጄን የትምህርት ቤት ልብስም እሱ ነው የሰፋው። ከድርም በየጠዋቱ ሳልፍ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ተናግሮኝ አያውቅም። ያየኛል ብቻ፤ እኔም ሰዓቴን እያየሁ አልፋለሁ።

ከድር ከጥቂት ዓመታት በፊት ታሞ ሞተ። ለቅሶው ላይ ሰፈሩ በሙሉ ነበር። እኔ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጬ አለቀስኩ። ተሰማ አልመጣም። ሰውም «ምን ዓይነት ጨካኝ ነው!» አለው። እኔም ሲሉት ሰማሁ፤ ዝም አልኩ።

ይህን ሁሉ ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ ነው ያሰብኩት፣ ያ ቪዲዮ እየደጋገመ ራሱን ሲጀምር። ሊያን «አስወርጂልኝ» አልኳት።

«እማማ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር አይወርድም። ስንቱ ስልክ ላይ ነው ያለው።»

«እንግዲያውስ መልስ የሚጻፍበትን አሳዪኝ።»

ከስንት ዘመን በኋላ ለሰው የሚነበብ ነገር ጻፍኩ። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። «ይህ ሰው ተሰማ ይባላል። የካዛንቺስ ልብስ ሰፊ ነበር። የምትስቁበትን ልብስ የሚለብሰው አንድ ጊዜ በከነቴራና በአንድ እግር ጫማ ከሰው ፊት ስለተጎተተ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሳይመስል ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም። ቤቱ በሚፈርስበት ቀንም እንደዚያው ነው የወጣው።» አንዳንዱ የልብ ምልክት ሰጠኝ፣ አንዳንዱ የሚያለቅስ ፊት። አንዱ «እትዬ፣ ጠብሶዎት ነበር እንዴ?» ብሎ ጻፈ፤ ለእሱ ከሁሉም ይበልጥ ሳቁለት።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት እዚያው ጽፋ ስልኬን ጠየቀችኝና ደወለች። «እርስዎ ስለ አባቴ የጻፉት ነዎት? ሰላማዊት እባላለሁ፣ የተሰማ ልጅ ነኝ። አባዬ ሊያገኝዎት ይፈልጋል። ወሎ ሰፈር እኔ ጋ ነው ያለው።»

ወሎ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ተገናኘን። ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ግራጫ ሱፍ ለብሷል፤ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። ስገባ ተነስቶ ቆመ፤ ሰማንያውን ያለፈ ሰው፣ ጠረጴዛውን ተደግፎ። ማኪያቶ አዘዘልኝ። ከጎናችን የተቀመጡ ሁለት ልጃገረዶች ሲንሾካሾኩ ቆዩና አንደኛዋ መጥታ «ፋዘር፣ አብረን ፎቶ መነሳት ይቻላል?» አለችው። ኮቱን ቆለፈና አብሯት ተነሳ።

«ምኑ እንደሚያስቃቸው አይገባኝም» አለኝ ሲቀመጥ። «ግን በትሕትና ነው የሚጠይቁኝ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የጻፍሽውን ሰላማዊት አነበበችልኝ። ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። ያን ሁሉ ዘመን ያ ሁሉ ሰው ሲስቅ እውነቱን የተናገርሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የሺ።»

ማኪያቶውን መልሼ አስቀመጥኩት።

«አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ» አለ። «ያን ነገር ለባለቤቴ እንኳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አልነገርኳትም። ለአንድ ሰው ነው የነገርኩት። አንቺ ከማን ሰማሽ?»

ባቡር ላይ ሆኜ ለዚህ ጥያቄ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ሰው ሲያወራ ሰምቼ፣ ልለው። አፌን ስከፍት ሌላ ወጣ።

«ከከድር።»

«መቼ?»

«ጽሑፉ በተነበበ ቀን። ከሰዓት በኋላ መጥቶ ነገረኝ።»

«ላንቺ ለምን?»

«የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ።»

ስኒውን በዝግታ ወደ ጎን ገፋው።

«ያን ቀን ከድር ‹ልነግርህ አልችልም› ያለኝ ላንቺ ብሎ ነው?»

«አስምዬው ነበር።»

«የባልሽን ሱፍ ስሰፋ ታውቂ ነበር።»

«አዎ።»

«ሱቁ ግድግዳው ወዲያ እያለ።»

«አዎ።»

«ሲሞትም።»

«አዎ። ፈርቼ ነው፣ ጋሽ ተሰማ።»

«ያኔ ሁላችንም ፈርተናል» አለኝ። «ከዚያ በኋላስ?»

መልሴን አልጠበቀም። «የሞተ ቀን ለቅሶውን በግድግዳው ሰማሁት። ጥቁሩን ሱፍ ለበስኩ። እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመለስኩ» አለ። ከዚያ፣ «ዘይነባ የት ናት?»

ዘይነባ የከድር ሚስት ናት። ኦሎምፒያ አጠገብ ልጇ ሙባረክ የሕፃናት ልብስ ሱቅ አለው፤ እዚያ እንደምትውል አውቃለሁ።

«ተነሺ» አለኝ።

ታክሲ እንያዝ ብለው እምቢ አለ። በእግራችን ሄድን። ክንዴን ልሰጠው እጄን ብዘረጋ እንዳላየ ሆነ። መንገዱ ለሰማንያ ዓመት ሰው ረጅም ነው፤ በየመብራቱ ምሰሶ ሥር ቆም ይላል። አንድ ሚኒባስ ሲያልፍ ከውስጥ አንዱ «ሰርጉ እዚህ ነው?» ብሎ ጮኸ፤ መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀ። ተሰማ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣቸው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዘይነባ የሕፃን ሹራብ እያጠፈች ነበር። ተሰማን በሩ ላይ ስታየው ሹራቡ በእጇ ቀረ። ወንበር አመጣችና በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። «ግባ፣ ጋሽ ተሰማ» አለችው። እሱ አልተቀመጠም፤ ወደ እኔ ዞሮ ጠበቀኝ። ቆሜ፣ በአፌ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ሙባረክም ከውስጥ ወጥቶ ይሰማ ነበር።

ስጨርስ ዘይነባ እኔን ትታ ለተሰማ ተናገረች። «በመጨረሻው ሳምንት፣ ሲደክም ነው የነገረኝ። ‹ተሰማ ለለቅሶ ከመጣ ከሰው ፊት አስቀምጪው፤ ማንም ክፉ እንዳይናገረው። እሱ የሚያውቀው ነገር የለም› አለኝ። ምንድን ነው ብለው፣ ‹የማልኩበት ነገር ነው፣ አትጠይቂኝ› አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ቦታ ይዤልህ ነበር።»

ተሰማ አሁን ተቀመጠ። ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ሙባረክ መጥቶ አጠገቡ ተንበረከከ። ተሰማ «መቃብሩ የት ነው?» አለ።

«ኮልፌ ነው፣ ጋሼ። መኪና አለኝ፤ አሁን እንሂድ» አለው ሙባረክ፣ ደግፎ እያነሳው።

ዘይነባ ሻሿን አስተካክላ ከኋላቸው ወጣች፤ ለጎረቤቷ ሱቁን እይልኝ አለቻት። እኔም ቦርሳዬን አነሳሁ። መኪናው በር ላይ ስንደርስ ተሰማ ዞር አለ።

«አንቺ አትምጪ» አለኝ።

አልተቆጣም። ሰው የማያውቀውን ሰው መንገድ ሲያሳይ በሚናገርበት ድምፅ ነው የተናገረኝ። መኪናው ወደ መስቀል አደባባይ አቅጣጫ ሄደ፤ እኔ እስኪሰወር ቆሜ አየሁት።

ይህ ከሆነ ወራት አልፈዋል። ሦስት ጊዜ ደውዬለታለሁ። የምታነሳው ሰላማዊት ናት። «አባዬ ተኝቷል» ትለኛለች፣ በትሕትና። የምደውለው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ተሰማ በዕድሜው በዚያ ሰዓት ተኝቶ አያውቅም።